ሳይክል እግር የለውም

«አካም ቡልቴ ኡዘይር? ደህና አደርክ ወይ? ልጆችስ? ተመስገን። የትናንቱ ዝናብ በእናንተ በኩል እንዴት አደረገ? እኛ ሰፈርስ ጭቃው አይነሳ… ግድ የለም፣ አትቸኩል፣ የያዝከውን ጨርስ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ጊዜ አለኝ።»

ተስፋነሽ ይህን ያለችው የባሏን የዱባለን ሳይክል ዓለም ገና መንገድ ዳር ካለው የኡዘይር ጎሚስታ ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፋ ነው። የሳይክሉ የፊት ቸርኬ ተጣምሞ ለማየት ያስጠላል። ኡዘይር የያዘው የአንዲት ነጭ መኪና ጎማ ነበር። መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላለች፣ ባለቤቷ ደግሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። የሰውዬውን ስም ተስፋነሽ አልጠራችም፤ እሷ ካልጠራች እኛ ምን ቤት ነን? ብቻ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ሰውዬው ደግሞ ጎማቸው ተጠግኖ እስኪገጠም ድረስ የትም መሄድ አይችሉም። ተስፋነሽ ይህን ያየችው ገና ከሩቅ ነው።

«ሳይክሉን ምን አገኘው ልትለኝ ነው አይደል? ምንም አልሆነ። ሐሙስ ዕለት አንድ ሲኖትራክ ዱባለን ገፋ አደረገው፣ ሳይክሉ ላይ ደግሞ ወጣበት። ጌታ ይመስገን፣ የዱባለ ክንድ ተላጠ እንጂ አልተሰበረም። ሰኞ ሥራ ይገባል። ፋብሪካው ከዚያ በላይ የት ይታገሳል? በዚያው በአስፋልቱ ነዋ! በሌላ በየት ይሄዳል? ውስጥ ለውስጥ ወደ ፋብሪካው የሚያስኬደው የእግር መንገድማ… እንዴ፣ አልሰማህም? አምሮበታል እኮ! ቆርቆሮ ለብሷል።

«አንድ ጎረቤት አለን፣ እንዴት ያሉ ሰው መሰሉህ! አርቆ አሳቢ ናቸው። ሌላው ሰው አጥሩን ካርታው ሲያልቅ ያቆማል፣ እሳቸው ግን አርቀው ነው ያሰቡት… አራት እርምጃ ያህል። ደግነታቸው ደግሞ ድንበር የለውም። እውነቴን ነው፣ ድንበር የሚባል ነገር አያውቁም።»

ኡዘይር የጎማውን ቀዳዳ ለማግኘት ውሃ ገንዳው ውስጥ እያገላበጠ አረፋ ይፈልጋል። አንዴ ቀና ብሎ አግዳሚውን አየና ቶሎ ወደ ውሃው ተመለሰ። በሁለት ደንበኞች መሃል መግባት የማይወድ ሰው ነው።

«መንገዱን ጭራሽ ዘጉት እንዳትል፣ ኃጢአት ይሆንብሃል። ሽማግሌ ሲለምናቸው ማለፊያ ትተዋል። ሁለት ስንዝር ከሁለት ጣት፣ በዚህ እጄ ነው የለካሁት። ሰው በጎኑ ከሆነ ይገባል። ነፍሰ ጡር ከሆነችም… ወልዳ ትለፍ፣ ምን ያስቸኩላታል? ቸርች ውስጥ ስለ ጠባብ በር ስንሰበክ ስንት ዓመታችን፣ ሠርተው ያሳዩን ግን እሳቸው ናቸው። አልገባም ያለው የሳይክሉ መሪ ነው። ጠምዝዘን ብንሞክር ደግሞ ፔዳሉ ከአጥሩ ብረት ጋር ተያያዘ። ሳይክል አስተዳደግ ይጎድለዋል፣ በጎንህ ግባ ቢሉት አይሰማም።

«ዱባለ ሄዶ ለመናቸው። "አንድ ስንዝር ብቻ ይጨምሩልኝ፣ አስፋልቱ ላይ መኪናው ሊጨርሰኝ ነው" አላቸው። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "ይሄ የእግር መንገድ ነው፤ ሳይክል እግር የለውም።" አየህ የተማረ ሰው? እኛ መች እንዲህ አስበን እናውቃለን! ዱባለ ቤት ገብቶ ፔዳሉን አየ፣ እግሩን አየ… ስምንት ዓመት ሙሉ በምኑ ሲረግጠው እንደኖረ ግራ ገባው።»

ሰውዬው አንድ ጊዜ ሳል አሉ። ስልካቸውን ወደ ጆሯቸው ወስደው «ሃሎ» ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ስልኩ ግን አልጠራም ነበር፣ መልሰው አወረዱት። ተስፋነሽ ወደዚያ ዞር እንኳ አላለችም።

«እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ቤታቸውን ሲጀምሩ መኪና የሚያስገባ መንገድ አልነበረም፣ ውሃም አልነበረም። መሠረቱ የተቦካው ዱባለ በዚያችው መንገድ በሳይክል ባመላለሰው ውሃ ነው። አንድ ጄሪካን በግራ፣ አንድ በቀኝ፣ ክረምቱን ሙሉ። "ዱባለ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?" ይሉት ነበር። ውለታ የሚያውቁ ሰው ናቸው! ብቻ… ያኔ ሳይክሉ እግር ነበረው መሰለኝ። የት እንደጣለው እንጃለት።»

እዚህ ላይ እጇ ወደ ተጣመመው ቸርኬ ሄደ። ሐሙስ ዕለት ሁለት ሰዎች ይህንኑ ሳይክል ተሸክመው ደጇ ሲደርሱ ዱባለ አብሯቸው አልነበረም። ከኋላ ክንዱን ይዞ እያነከሰ እስኪመጣ ድረስ ባሏ የሞተ መስሏት ነበር። ያ ፍርሃት እስካሁን አልለቀቃትም፣ ሰኞ በቀረበ ቁጥር ደግሞ እየባሰባት ነው። ነጠላዋን አስተካከለች።

በዚህ መሃል ኡዘይር ሲፈልገው የነበረውን አገኘ። ጎማውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ በጉጠት ሳበና አንድ ሚስማር መዘዘ፤ ባርኔጣ ያለው፣ ገና ያልዛገ የቆርቆሮ ሚስማር። በመዳፉ አድርጎ ለባለመኪናው አሳያቸው።

«ውይ! የቆርቆሮ ሚስማር! ምን ያለ ጊዜ ላይ ደረስን… ማን ይሆን በሰው መንገድ ላይ ሚስማር የሚያንጠባጥበው? እኛ ሰፈር ሰሞኑን ቆርቆሮ ያስመቱት ያ ጎረቤቴ ብቻ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ በዚህ አልጠረጥርም፣ መንገደኛ ተቸገረ ሲባል እህል የማይበላላቸው ሰው ናቸው። ከሩቅ የመጣ ሚስማር መሆን አለበት። በል ቶሎ ግጠምላቸው ወንድሜ፣ ሰው አታስቁም። መኪናዋም ታሳዝናለች… እሷም እግር የላትም።»

ኡዘይር ቀዳዳውን ደፈነ፣ ነፋ፣ ገጠመ፣ ክሪኩን አወረደ። ሰውዬው ተነስተው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ በሳይክሉና በውሃ ገንዳው መሃል አቋራጭ አዩና ሊያልፉ ሞከሩ። ጠባብ ነበር። በጎናቸው ሆነው፣ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው አለፉ። ተስፋነሽ ሳይክሉን ፈቀቅ ልታደርግላቸው ትችል ነበር፤ አላደረገችም። የመኪናው በር እስኪከፈት ጠብቃ፣ ድምጿን ከፍ ሳይሆን ለስለስ አድርጋ፣ ለጸሎት እንደሚቆም ሰው ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔ ለዚያ ጎረቤቴ ክፉ አልመኝም ኡዘይር። ጠዋት ማታ እጸልይላቸዋለሁ። ጌታ ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ቤታቸው በልጅ በልጅ ልጅ ይሙላ። አርጅተው፣ ጠግበው፣ በሰላም ሄደው ከደጁ ሲደርሱ ደግሞ… ጌታ የመንግሥቱን በር ልክ ለዱባለ እንደከፈቱለት አድርጎ ይክፈትላቸው። ሁለት ስንዝር ከሁለት ጣት፣ ምንም ሳያጎድልባቸው። አሜን በል እንጂ ኡዘይር።»