የልጄ ጉንጭና የበጉ ላት

1974 ዓ.ም. ነበር፤ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ መንደራችን ሰባታሚት ጭቃ ሆኗል። ልጄን የጥርስ እባጭ ይዟት፣ ሲድን አንድ ጉንጯ ስለጎደጎደ፣ እኩዮቿ «አሮጊቷ» ይሏት ነበር። ባሕር ዳር ያለ ሐኪም «በስብ ይሞላል» ቢለን፣ በሳምንቱ ላተ ትልቅ በግ እየጎተትሁ ከእሷ ጋር ሄድሁ።

ሐኪሙ ሳቀ። «አባቴ፣ የበግ አይሆንም። ከራሷ ሆድ ነው የምንወስደው።»

«ከእኔ ውሰዱ።»

«የሌላ ሰው ስብ ገላዋ አይቀበልም። እሷ ደግሞ ከሲታ ናት፤ የሚወሰድ የላትም። ወፈር ስትል ይዘዋት ይምጡ።»

ልጄ አንገቷን ደፋች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ውኃውም ወፍጮውም በእሷ ላይ ነበር። በማግስቱ እንስራውን አዝዬ ወንዝ ወረድሁ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች «ቀሚሱ ብቻ ቀረዎት!» አሉ። እሷ ወፈር እንድትል እስከ መስቀል እኔ ቀዳሁ።