ገደኛው ጋቢ

አውቶቡሱ ከሞጣ ሲነሳ አጠገቤ የተቀመጡት አባት ብርድ እንዳይመታኝ ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ከኋላችን ያለች ሴት ጠየቀቻቸው።

«ከሐኪም ቤት ነው አባባ?»

«አዎ ልጄ፣ ወንድሜን ጠይቄ። ሆዱን ተሰፍቶ ዳነ ስንል ፈንገስ ያዘው።»

«ፈንገስማ በቅባት ይለቃል።»

«ያ የቆዳው ነው። ይሄ ደም ውስጥ ገብቶ፣ መድኃኒቱንም ለምዶታል አሉ። ቢቀያይሩለት ንቅንቅ አላለም።»

«ውይ! ከየት መጣበት?»

«ነርሷ የለበሰውን ጋቢ ጠረጠረችው። ጨርቅ ላይ ይከርማል፣ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ይሄዳል፤ ወስዳችሁ ቀቅላችሁ በበረኪና እጠቡት ብላ ተቆጣች።»

«ቀቀሉት ታዲያ?»

«ይሄን ጋቢ? ገደኛ እኮ ነው! ሰፈራችን ሰው ሐኪም ቤት በተኛ ቁጥር እሱን ነው የሚዋሰው። ስንቱ ለብሶት ድኖ ወጥቷል። ቢታጠብ ገዱ አይሄድም?»

«ለፈንገሱም ገደኛ ሆኖለታላ!»

«አፍሽን ያዢ!»

«አሁን ወዴት ይዘውት ነው?»

«ቢቸና። የአክስቴ ልጅ ሐኪም ቤት ተኝታለች፣ ላለብሳት ነው።» ወደ እኔ ዞር አሉ። «ሞቀህ ልጄ? ደህና አድርገህ ሳበው እንጂ።»

ቢቸና እስክንገባ ድረስ ጉልበቴን አላነቃነቅኩም።