ሎሚ የፈራችው ብርሃን

ቴፒ መናኸሪያ ዝናብ ጣለና ቆርቆሮ ሥር ተጠለልኩ። እዚያው የድሮ ተማሪዬን ሎሚን አገኘኋት። አራተኛ ክፍል ሳስተምራት ቡና ባበበ ቁጥር አበባውን በደብተሯ መሃል አጭቃ የምትመጣ ልጅ ነበረች። ወይ ጊዜ! ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የቡና ማሳ አላት፣ ባል አላት፣ ልጅ ግን ገና አልወለደችም። አጠገቧ ሚዛን ከተማ ሆስፒታል የምትሠራ ልዩ የምትባል ነርስ ቆማለች፤ ዘመድ ጠይቃ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ነው የተገናኙት።

"መምህር፣ እርስዎም ሴት ነዎት፤ ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ" አለችኝ ሎሚ። "የማኅፀን በር ተመርምሬ ቅድመ ካንሰር አለ ተባልኩ። የሕክምና ቀጠሮዬ ዛሬ ሚዛን ሆስፒታል ነበር፤ አልሄድም።"

"ምን ነካሽ?"

"ቡና ሲጠወልግብን ከነሥሩ ነቅለን እዚያው እናቃጥለዋለን። አባቴ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። በብርሃን እናክምሻለን ሲሉኝ ነገሩ ገባኝ፤ ማኅፀኔን ሊያቃጥሉት ነው። ከዚያ ልጅ ከየት ይመጣል? ደግሞ ምንም አያመኝም እኮ!"

እኔ ልቆጣ አፌን ስከፍት ልዩ ቀደመችኝ።

"እትዬ ሎሚ፣ አባትዎ ለቡናው ልክ ናቸው። የእርስዎ ግን ገና ካንሰር አይደለም፤ ሲቆይ ሊሆን የሚችል ነው። ሕመም የለውም፤ ምርመራው ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። የማኅፀንዎ በር ላይ ቅባት ይደረጋል፤ ቅባቱ ይበልጥ የሚይዘው የተለወጡትን ህዋሳት ነው። ከዚያ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ታበራበታለች። ብርሃኑ ቅባቱን ይቀሰቅሰዋል፣ የተለወጡት ህዋሳትም ይሞታሉ። ማኅፀንዎን የሚነቅል የለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አልዋሽዎትም፤ ሕክምናው ገና በጥናት ላይ ነው። ወደው ካልፈረሙ ማንም አይነካዎትም። ካልሠራም ሌላ ሕክምና አለ፤ ብቻ ተመልሰው መታየት አለብዎት።"

ሎሚ አሁንም አንገቷን ደፋች። እኔ ግን መምህርት ጓደኛዬ ወርቅአፈራሁ ትዝ አለችኝ። አብረን ተመድበን ነው እዚህ አገር የመጣነው። በዚያ ጭቃ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ እየሳቅን ትምህርት ቤት እንገባ ነበር። እንደዚያ ዘመን ስቄ አላውቅም።

"ስሚኝ ልጄ" አልኳት። "ጓደኛዬ ያለ ጊዜዬ ደም አየሁ ብላ አማከረችኝ። እኔ የተማርኩት ሴትዮ 'ዕድሜ ነው፣ ለማንም አታውሪ' አልኳት። አመነችኝና ዝም አለች። ሐኪም ጋ ስትደርስ የማኅፀን በር ካንሰሩ ተሠራጭቶ ጊዜው አልፎ ነበር። በእጄ ገነዝኳት።"

ሎሚ ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎስ መምህር፣ ከዚያ በኋላ ተመርምረው ያውቃሉ?"

ሠላሳ ዓመት ሰው ስመክር የኖርኩት ሴት በራሴ አፈርኩ።

"አላውቅም።"

"እንግዲያው እርስዎ ከሄዱ እሄዳለሁ።"

ሦስታችንም ሚዛን የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ወጣን።

የእኔ ምርመራ ከደቂቃዎች አላለፈም፤ ደኅና ነሽ ተባልኩ። ሎሚ ሁሉን ጠይቃ፣ ተረድታ ፈረመች፤ ታክማም በዚያው ቀን በእግሯ ወጣች። በስድስተኛው ወር ስትታይ የተለወጠው ነገር ጠፍቷል። ማኅፀኗ እንዳለ ነው፤ የልጅ ተስፋዋም እንዳለ ነው፤ ቀጣይ ቀጠሮዋንም አታሳልፍም።

እህቶቼ፣ ምንም ባያማችሁም ተመርመሩ። ጓደኛችሁም ያለ ጊዜዬ ደም አየሁ ካለቻችሁ፣ በሞቴ፣ እኔ ያልኩትን አትበሏት።