አፍ እያለኝ በጣት?

እትዬ ሐዋ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ቤታቸው ሆነው ሲያጫውቱን ከአፋቸው የጻፍኩት ነው። መቅረጫ አልነበረኝም፤ አንዳንዱን ተሳስቼ ይዤው ይሆናል።

«በእኛ ጊዜ፣ እኛ ካርቱም በገባንበት ጊዜ ማለቴ ነው፣ ደቡቡ የተገነጠለ ዓመት መሰለኝ፣ ብሳሳት እንዳትስቁብኝ፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር እያደርኩ ባሕሪ ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። ታዲያ በሐፍላ፣ በሚኒባሳቸው ነው የምሄደው። እዚህ አገር ሐፍላ ውስጥ መውረድ የፈለገ ሰው አይናገርም፣ ጣቱን ቀጭ! ያደርጋል፣ ኩምሳሪው ሰምቶ ያስቆማል፣ ረዳቱ ማለቴ ነው። ነውር አይደለም፣ ልማዳቸው ነው። እኔን ግን ያቺ ማዳሜ ቀኑን ሙሉ በጣቷ ነው የምትጠራኝ፣ ቀጭ! ውሃ፣ ቀጭ! ልጁን እጠቢ። ታዲያ እኔም ወላሂ ብዬ ማልኩ፣ ማንንም ሰው በጣት አልጠራም! እና መውረጃዬ ሲደርስ እንደ ደሴ ታክሲ ‹ወራጅ አለ!› አልኩ።

‹ያ ሐበሺያ፣ ጣት የለሽም?› አለኝ ኩምሳሪው።

‹ጣትማ አለኝ፣ አንተ ግን ውሻ አይደለህም› አልኩት በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛዬ።

ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን ‹እንግዲያው ተቀመጪ!› ብሎ ሁለት ፌርማታ አሳለፈኝ። በዚያ ፀሐይ በእግሬ ተመለስኩ። ማዳም በሩ ላይ ቆማለች። ‹ነገ ካረፈድሽ እንዳትመጪ!› አለች። አስቡት እንግዲህ፣ ደሴ ያለችው እናቴ የምታድረው በዚያች ሥራ ነው።»

«ታዲያ በማግስቱ ጣትዎን ቀጭ አደረጉ?» አልኳቸው።

«እኔ? ምን ሲደረግ! ያው ኩምሳሪ ነው። ‹ወራጅ አለ!› አልኩ፣ ያልሰማ መስሎ ፊቱን አዞረ። ተነሣሁና በሩን ይዤ፣ ‹ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!› ‹አንድ ጊዜ ብቻ በጣትሽ፣ ያላ!› ይለኛል እየሳቀ። ጣቶቼን ጨብጬ አሳየሁት። እና ከኋላ አንዲት ሱዳናዊት ሻይ ሻጭ፣ ትልቅ ሴት ናት፣ ወንበሩን በጡጫዋ እየመታች ‹ወራጅ አሌ!› አትልም? ተማሪዎቹ ተቀበሏት፣ ሐፍላው በሙሉ ‹ወራጅ አሌ! ወራጅ አሌ!› ሾፌሩን ሳቅ አሸነፈውና ቆመ። በሰዓቱ ደረስኩ። ገና ከመግባቴ ማዳም ቀጭ! አለች። ቆምኩ። ቀጭ! አሁንም ቆምኩ። አየችኝ፣ አየኋት። ‹ሐዋ!› አለች። ‹አቤት!› አልኩና ሄድኩላት። አፍ እያለ በጣት? እምቢ! ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ መስመር ‹ወራጅ አሌ› ይላሉ» ብለው ሳቁ።

በዚህች የመጨረሻዋ ወሬ ላይ ተጠራጥሬ የጥያቄ ምልክት አድርጌባት ነበር። የሰረዝኩት ባለፈው ሳምንት ከሐጅ ዩሱፍ ወደ ባሕሪ ስሄድ ነው። ገና አፌን ሳልከፍት፣ የማላውቀው ኩምሳሪ ፊቴን አየና፣ «ያ ሐበሺ፣ ወራጅ አሌ?» አለኝ።