የጣለውም ያበላውም ዛፍ

— ሄሎ... ሄሎ፣ እትዬ? እንዴት ዋሉ? እኔም እኮ ልደውልልዎ ስልኩን ይዤ ነበር። እስቲ ይቀመጡ... አይ፣ ክፉ አይደለም፣ የደረሰብን ይበቃናል። ወንድምዎ ጨመረ!

— ኪሎ ነዋ። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ። አሁን ከክሊኒክ መግባታችን ነው፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ሐኪሙ ሚዛኑን ተጠራጥሮ ውረድና እንደገና ውጣ አለው። ወጣ። ያው ነው። ባለፈው አንድ ኪሎ ከቀነስክ አስተኝተን በአፍንጫህ በቱቦ ነው የምንመግብህ ብሎት አልነበር? ዛሬ እኔን ዞር ብሎ ምንድነው የምታበዪው አለኝ። የእህቱን አቮካዶ ነው አልኩት... አዎ፣ የእርስዎን። እልል ልል ነበር፣ በሽተኛ ተኝቷል ብዬ ዋጥኩት።

— ይሰማዎታል? ከኋላዎ ምንድነው እንዲህ የሚጮኸው? ወፍጮ ቤት ነዎት እንዴ?... እሺ፣ እኔ ጮክ ልበል።

— ኧረ አልበሰበሰም፣ እሱን እኮ ነው የምነግርዎ። የላኩልን ሁለቱም ጆንያ የተማከረ ይመስል ባንድ ቀን በሰለ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል አይደል፤ እኔ ደግሞ ሩጬ እንዳለ ከነልጣጩ ፍሪዘር ውስጥ ደረደርኩት። በሦስተኛው ቀን ሳወጣው ድንጋይ ነው። ሲፈታ ደግሞ ቡኒ ውሃ። አጥልዬ ሰጠሁት፣ በስትሮ አንዴ ሳበና ያቺን የሚያወራባትን ደብተር አንስቶ ምን ብሎ ጻፈ መሰለዎት? «የዕቃ እጣቢ»።

— ይሳቁ፣ ይሳቁ። እኔ ያን ቀን አልቅሻለሁ። ከዛፉ ላይ የቀረ የለም ብለውኛል፣ ሾርባ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ መንጋጋው የታሰረበት ሽቦ ሊፈታ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ምን ላበላው ነው ብዬ ኩሽና ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

— ያዳነችኝ ከታች ጁስ ቤት ያለችው ልጅ ናት። ማን ሙሉውን አስገቢ አለሽ ብላ ተቆጣችኝ። መጀመሪያ ይላጣል፣ ፍሬው ይወጣል፣ በሹካ ይደፈጠጣል። ወዲያው ሎሚ፣ ለሁለት ፍሬ አንድ ማንኪያ፣ እንዳይጠቁር። ከዚያ በትንንሽ ፌስታል፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ፣ በመዳፍ ጠፍጠፍ አድርጎ አየሩን እስከ መጨረሻው ማስወጣት። ቀኑን መጻፍ። ማታ ከፍሪዘር ወደ ታችኛው ፍሪጅ ማውረድ፣ ጠዋት በወተት ማቅጠን። እትዬ፣ አረንጓዴ ነው! ዛሬ ጠዋት የወረደ ነው የሚመስለው። አንዴ የቀለጠውን ግን መመለስ የለም፣ እሱን ሦስት ጊዜ ነው ያስማለችኝ።

— እሱ ነዋ ችግሩ፣ የኛ ፍሪዘር የጫማ ካርቶን አታክልም። ታዲያ ማን መላ ቢያመጣ ጥሩ ነው? ሰፈሩ ሬዲዮ የሚለው... አዎ፣ ወንድምዎ። ድምፁ ቢጠፋም ድለላው አልጠፋም። ካርቶን ቀደደና «አንድ መሳቢያ ፍሪዘር ፈላጊ፣ ለሦስት ሳምንት፣ አከራይ የሳምንት ጁስ አለው» ብሎ ጻፈ። አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በየበሩ ዞረ። አራት ቤት አከራየው። ጡረተኛው መምህር ፌስታሎቹን እንደ ፈተና ወረቀት በቀን በቀን ደርድሮልናል። ላይ ያለችው ነርስ አንዷን ፌስታል ጠጉሯ ላይ ቀብታታለች፣ ይሁን፣ እሷም አምሮባታል።

— ኧረ ምን ተናግሮ፣ አንዲት ቃል። ሐኪሙ እኮ ጥርስህ ቢታሰርም በጥርስህ መሃል ማውራት ትችላለህ ብሎታል። እምቢ አለ። ደላላ በአፉ ነው የሚኖረው፣ እያጉተመተምኩ ሰው አላስቅም ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ሚስቱ እንኳ ከዛፉ ከወደቀ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ቤቱ ጭር ሲል ያስፈራኛል እትዬ፣ እውነቴን ነው።

— ምን አሉኝ?... መጋዝ?... የምን መጋዝ?

— አንተ፣ ና እስቲ። እህትህ ዛፉን እያስቆረጡት ነው። አዎ አቮካዶውን፣ አሁን፣ ግቢ ውስጥ ሰውዬው መጋዙን አስነስቷል።

— እትዬ፣ በፈጠረዎ... አውቃለሁ፣ ውጣና አውርድልኝ ያሉት እርስዎ ነዎት። ታዲያ ሳይባልስ ከልጅነቱ ጀምሮ የማይወጣበት ቀን ነበር እንዴ?... ይገባኛል። በር በከፈቱ ቁጥር የወደቀበትን ቦታ ማየት... ይገባኛል፣ አያልቅሱ። ግን የጣለው እሱ ቢሆንም ያነሳውስ ማነው? ዛሬ ሚዛን ላይ የወጣው እኮ ያ ዛፍ ነው።

— ግንዱን ነክቶታል?... ቅርንጫፍ ብቻ? ተመስገን። ቆይ፣ እየጻፈ ነው፣ ላንብብልዎ። «እትዬ፣ እኔን የጣለኝ ነጠላ ጫማዬ ነው። እሱን አስቆርጪ።»

— አይ፣ እኔ ፈጥሬው አይደለም። የራሱ ጽሑፍ ነው፣ ይኸው እስክሪብቶውን እያወዛወዘ ቆሟል... ላጽናናዎት ብዬ ብዋሽ ይሄን እዋሻለሁ?... እሺ። እሺ፣ ልንገረው።

— ከአፍህ ካልሰማሁ አላምንም ይላሉ። ሙሽሪት፣ እኔን ማለታቸው ነው፣ ደግ ስለሆነች ነው የምታጽናናኝ፣ ወንድሜ በልቡ ቂም ይዞብኛል፣ ለዚህ ነው ድምፁን የነፈገኝ ይላሉ።

— ራስህን አትነቅንቅ፣ በስልክ አይታይም። ማን ይስቅብሃል? እህትህ ትስቅብሃለች? እኔ እስቃለሁ? ሰውዬው ግንዱ ጋ እየደረሰ ነው፣ አንተ አፈርኩ ትላለህ። እንካ... እንካ ተቀበለኝ።

— እትዬ፣ እንዳይዘጉት፣ ወሰደው፣ ወሰደው...

—

— ሰሙት? እኔም ሰማሁት፣ እዚሁ አጠገቡ ቆሜ። «እትዬ፣ ተዪው፣ እየበላሁት ነው» አለ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፣ በጥርሱ መሃል ነው፣ ግን እሱ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ይህን ነበር የናፈቅኩት... እትዬ? ሄሎ?... ሄሎ?

— ስልኩን ጥለውት ሮጡ መሰለኝ። እየጮኹ ነው፣ አቁም፣ አቁም እያሉ ነው... ኧረ አንተ ደግሞ ዝም በል እስቲ፣ ልስማበት! ስንት ቀን ለምኜህ አፍህን ዘግተህ አሁን ነው ወሬ የሚመጣብህ?

— ቆየኝ...

— ቆመ። ሰማህ? መጋዙ ቆመ።

— በል አውራ፣ አውራ አሁን። እኔ ልዝጋው፣ እሳቸው እንደሁ ስልክ መኖሩንም ረስተውታል።