እህቴ በቪዲዮ ስታወራኝ

እህቴ ሰናይት መስማት የተሳናት ናት፤ አግብታ መተሐራ ነው የምትኖረው። የምናወራው በቪዲዮ፣ በምልክት ቋንቋ ነው። ታዲያ አዳማ እኔ ቤት ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ እጆቿ አየር ላይ ደርቀው ይቀራሉ። ሌላ ሰው ምስሉ ቢቆምበት ድምፅ ይሰማል፤ እኛ ግን ወሬያችን እዚያው ያበቃል።

በቀደም የሰፈራችን ሰዎች ተሰባስበን የጋራ የፋይበር ኢንተርኔት አስገባን። ዋይፋዩ እንደበራ ጎረቤቶቼ ፊት ደወልኩላትና የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ድንገት መዳፏን ወደ እኔ ዘርግታ ቀጥ አለች። ደግሞ ተቋረጠ ብዬ ክው አልኩ። ወዲያው እጆቿ ተንቀሳቀሱ።

«ምን አለች?» አሉኝ ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ።

«‹ቀስ በይ እንጂ፣ በጣም ፈጠንሽብኝ!› ነው የምትለው» አልኳቸው ሳቄ እያመለጠኝ። ጎረቤቶቼ ሁሉ እልልታቸውን አቀለጡት።