አህያዋን ያስቀደምኩ ቀን

እኔ መንገድ የሚባል አይያዝልኝም። በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ከግራና ገበያ አህያ ገዝቼ ወደ መርሳ ስመለስ መንታ መንገድ ላይ ግራ ገባኝ። ጀምበር አዘቅዝቃለች፣ አገሩ ደግሞ ጅብ አለበት። አህያ ቤቷን አትስትም ብዬ አስቀደምኳትና ተከተልኳት። እውነትም ሳታመነታ አንድ ግቢ ይዛኝ ገባች። በሩ ላይ የቆሙት ጠዋት እሷን የሸጡልኝ አባ ሰይድ ናቸው።

"ምነው ልጄ፣ አልወደድካትም?"

"ኧረ መንገድ ጠፍቶኝ ነው አባ። እሷ ቤት ታውቃለች ብዬ።"

"ታውቃለች እንጂ፣ ይኸው አመጣችህ" ብለው ሳቁ። "አብሽር፣ ግባና እደር።" ያን ጊዜ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው።

በማግስቱ መንገድ አስይዘው ሲሸኙኝ፣ "ስትሄድ ዞር እያልክ ኋላህን እይ፤ ስትመለስ የሚጠብቅህ እሱ ነው" አሉኝ። ዛሬም የምድነው በዚሁ ነው። ያን ቀን ግን እኔ ዞር ባልኩ ቁጥር አህያዋም አብራኝ ትዞር ነበር።